ሳትሄድ የምታውቃቸው ከተሞች

ሰፈሩ ሁሉ «አጣቢዋ» ነበር የሚላት። አዲስ ተከራይ በገባ ቁጥር አንድ ቀን ብርድ ልብሱን ወይም አንሶላውን ጠቅልሎ በሯ ላይ መቆሙ አይቀርም። «ልብስ ያጥባሉ ብለውኝ ነው» ይላታል። እሷም እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ማጠቡንስ አጥባለሁ፤ የማጥበው ግን ፊልም ነው» ትለዋለች። ሰውየው ግራ ገብቶት ጥቅሉን እንደታቀፈ ሲመለስ እሷ በሩን ዘግታ በሳቅ ትፈርሳለች። አንዴ አንዲት አሮጊት ግን አልተመለሱም። «ውኃውም ያው ውኃ፣ እጁም ያው እጅ፤ ምን ልዩነት አለው?» ብለው ሞገቷት። እሷም የትራስ ልብሳቸውን ተቀብላ አጠበችላቸው።

ወደዚህ ሥራ የገባችው በፍቅር አይደለም፤ በጠብ ነው። ታላቅ እህቷ ስትዳር ጎበዝ ነው የተባለ ፎቶ አንሺ ተጠርቶ ሲያነሳ ዋለ። ሙሽራዋ ስትቀመጥ፣ ሙሽራዋ ስትነሳ፣ አክስቶች በግራ፣ አጎቶች በቀኝ፣ የቀረ ነገር አልነበረም። ፎቶው ሲመጣ ግን ጭስ ነው። በጭሱ መሀል አንድ ቦታ ላይ የአጎቷ ከራባት ብቻ ደህና ሆኖ ይታያል። እህቷ አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ተዘጋ። በቤቱ ውስጥ ምላስ ያላት ታናሺቱ ነበረችና ማንም ሳይልካት ተነስታ ወደ ስቱዲዮው ሄደች።

ፎቶ አንሺው ገና ወጣት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንዴ በቀኝ እግሩ አንዴ በግራው እየተደገፈ የሚቆም፣ ወንበር ላይ ቢቀመጥ እንኳ ሊነሳ ያለ የሚመስል ሰው ነበር።

«የእህቴን ሠርግ የት አደረስከው?» አለችው ገና ከበሩ።

«ተቃጠለ።»

«ምን አቃጠለው?»

«እኔ ነኛ» አለና ራሱን አከከ። «ማንሳቱን አንስቼው ነበር። ማጠቡ ነው እምቢ ያለኝ። ጨለማ ክፍል ስገባ እግሬን ይበላኛል፤ ሳይደርስ በሩን እከፍተዋለሁ።»

የመጣችው ልትሰድበው ነበር፤ እሱ ግን ለስድብ የሚሆን ቦታ አልተወላትም። ስለዚህ ሌላ ነገር አለች። «እስቲ አሳየኝ። እንዴት እንዳቃጠልከው በዓይኔ አይቼ ለእናቴ ልንገራት።»

ጨለማ ክፍሉ ከስቱዲዮው ጀርባ ያለ ዕቃ ቤት ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተወጥሯል። ቀይ አምፖል በሽቦ ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሳህኖች ተደርድረዋል፤ አንዱ ምስሉን የሚያወጣው፣ አንዱ የሚያቆመው፣ አንዱ የሚያጸናው። ሁሉም እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይሰነፍጣሉ። እሱ ከውጭ ቆሞ በተዘጋው በር ሲነግራት እሷ ብቻዋን ገብታ እሱ አዘጋጅቶ የተወውን የፎቶ ወረቀት መጀመሪያው ሳህን ውስጥ ነከረችው።

«ምንም የለም!» ብላ ጮኸች።

«ጠብቂ።»

«ኧረ ባዶ ነው!»

«እኔም እንደሱ እያልኩ ነው ያቃጠልኩት። ጠብቂ።»

ጠበቀች። መጀመሪያ የጥላ ያህል ነገር መጣ። ቀጥሎ ቅንድብ። ቀጥሎ ሁለት ዓይኖች ከውኃው ውስጥ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ጥርሱ የወለቀ ሕፃን ከባዶ ወረቀት ላይ ሳቀባት። አጣቢዋ ቁጣዋን የት እንዳስቀመጠችው እስከ ዛሬ አታውቅም። በማግስቱ «ነገሩ አላለቀም» ብላ ተመልሳ መጣች፤ በሦስተኛውም ቀን አላለቀም። ዓመቱ ሳይሞላ ተጋቡ። የራሷን ሠርግ ፊልም ራሷ ገብታ አጠበችው፤ አንድም አልተቃጠለም። እህቷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ፣ «ሠርጌን አቃጠለው፣ እህቴንም ወሰዳት» እያለች ሰው በተሰበሰበበት ታስቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው በራሱ ጊዜ ለሁለት ተከፈለ። መንገዱ የሱ ሆነ፣ ጨለማው የሷ። ስቱዲዮ ተቀምጦ ጉርድ ፎቶ መጠበቅ አይሆንለትም ነበርና በጠዋቱ አውቶቡስ እየተሳፈረ በዋናው መንገድ ዳር ያሉትን ከተሞች ያዳርሳል። በአንዱ ትከሻው ካሜራ፣ በሌላው ባለ ሦስት እግሩን መቆሚያ አንጠልጥሎ ሲወርድ ልጆች «ቀና በሉ መጣ! ቀና በሉ መጣ!» እያሉ ይከተሉታል። ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ሁሌም የሚላት ቃል ናት፤ ስም ሆና ቀረችለት። የታጠበውን ያድላል፣ አዲስ ያነሳል፣ ኪሱን በፊልም ሞልቶ ይመለሳል።

እሷ ደግሞ ፊልሙን ተቀብላ ገብታ ትዘጋለች። እሱ ለመግባት አይፈቀድለትም፤ በሩ ከተከፈተ ሁሉም ነገር ያው ጭስ ነው። ስለዚህ ዱካ ይዞ መጥቶ በሩን ተደግፎ ይቀመጥና በእንጨቱ ውስጥ ያወራሉ።

«ይቺ ባለ ነጠብጣብ ቀሚስ ማን ናት?»

«የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት። በፊቷ እንዳትፈርጂባት፤ ልትነሳ ስትል ነው ከባሏ የተጣላችው።»

«ታዲያ ከጎኗ ያለው ባሏ ምን ያስቀዋል?»

«ያሸነፈው እሱ ነዋ!»

እንዲህ እያሉ ኖሩ። ሴት ልጃቸው የተወለደችው፣ ዳዴ ያለችው፣ ፊደል የቆጠረችው በዚያ በር ሥር ነው። አባቷ በዚህ በኩል «አደባባዩ ሰፊ ነው፣ ዳር እስከ ዳር ሰው ቆሞ አይሞላውም» ሲል፣ እናቷ በዚያ በኩል «አየሁት፣ አየሁት፣ አሁን ብቅ አለ» ስትል፣ ልጅቱ ወላጆች ሁሉ በበር የሚነጋገሩ ይመስላት ነበር።

አጣቢዋ ከተሞቹን አንዱንም አልረገጠቻቸውም። መጀመሪያ ልጇ ጨቅላ ነበረች። ቀጥሎ አማቷ አልጋ ያዙና እሳቸውን ማን ያገላብጣል። ከዚያም ሥራው በዛ። እሱ «አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን» ይላል፤ እሷ «እንሄዳለን» ትላለች። እውነቱን ለመናገር መኪና ያስመልሳታል። ታክሲ ውስጥ ሁለት ፌርማታ ከተጓዘች ሆዷ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ነገሩ ሲዘገይ ያን ያህል አላንገበገባትም። ደግሞስ ምን ቀረባት? የእያንዳንዱን ከተማ ድልድይ፣ የትምህርት ቤቱን ደረጃ፣ የነዳጅ ማደያውን ዛፍ እንደ መዳፏ ታውቀዋለች። ማን እንዳገባ፣ ማን እንደወፈረ፣ የማን ልጅ ጥርስ እንዳበቀለ በሳህን ውስጥ ሲወጣ አይታለች።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። ባለ ቀለም ፊልም መጣ፤ እሱን የሚያጥበው ትልቅ መሣሪያ ነው። ጥቁርና ነጩ ለመታወቂያ ብቻ ተረፈ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ራሱን ማንሳት ጀመረና ለመታወቂያም የሚመጣ ጠፋ። ስቱዲዮውን ፀጉር አስተካካይ ተከራየው። ሳህኖቹ ተደራርበው ቁም ሣጥን ላይ ወጡ። የሷ የጣት ጫፎች፣ የማጠቢያው መድኃኒት ለዓመታት ቡናማ ያደረጋቸው፣ ቀስ እያሉ የሰው ጣት መሰሉ። ቀና በሉ ግን ካሜራውን በየቀኑ መወልወሉን አልተወም።

የመርሳቱ ነገር እንዴት እንደጀመረ ልብ አላለችም። ቁልፍ ይጠፋበታል፤ የማን አይጠፋበትም? የልጁን ስም ትቶ በእህቱ ስም ይጠራታል፤ ይኼም ያለ ነው። አንድ ጠዋት ግን ሻይ አቅርባለት «እንዴት አደርክ?» ብትለው፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ደህና፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አላት።

የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ጨዋ እንግዳ እንደሚያደርገው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ምነው ደከሙ፣ ይበቃ ነበር» እያለ ሻዩን ጠጣ። አጣቢዋ ወደ ጓዳ ገብታ ማሰሮ መክደኛ እንደያዘች ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች።

ከዚያ ወዲህ ቀኑን የምታውቀው በአንድ ቃል ሆነ። «አንቺ» ካላት ቀኑ የሷ ነው፤ ይጨቃጨቃሉ፣ ያወራሉ። «እርስዎ» ካላት እንግዳ ናት፤ እንደ እንግዳነቷ ቁጥብ ብላ ትውላለች። ክረምቱ ሲወጣ እርስዎ የሚላት ቀን እየበዛ መጣ።

ሌላም ነገር መጣ። ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ይታጠባል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ ያጠልቅና «አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው» ብሎ ይወጣል። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ከድሮ የሚያውቀው ሰው ነበርና በክንዱ ይዞ ይመልሰዋል። «እትዬ፣ ቀና በሉ ዛሬም ጉዞ አምሮታል» ይላታል፤ ሳቅ ለማስመሰል እየሞከረ።

ልጃቸው ይህን ስትሰማ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት በቀጥታ መጣች።

«እማዬ፣ በሩን ቆልፊበት። አንድ ቀን መኪና ይገጨዋል።»

«ዕድሜ ልኬን በር ስዘጋበት ነው የኖርኩት» አለች አጣቢዋ። «አሁንስ ይበቃዋል።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አብሬው እሄዳለኋ።»

«አንቺ? ታክሲ ላይ ገና ሳትወጪ የሚያስመልስሽ?»

«ያስመልሰኝ። በማስመለስ ማን ሞተ!»

በሚቀጥለው ጠዋት ሎሚና የላስቲክ ከረጢት በቦርሳዋ ይዛ ከኋላው ተከተለች። እሱ የት እንደምትሄድ አልጠየቃትም። ተራ አስከባሪው አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየና ከፊት ያለውን መቀመጫ አስለቀቀላቸው። በመስኮቱ በኩል ባሏ፣ ከጎኑ እሷ ተቀመጡ። አውቶቡሱ ከከተማ ሳይወጣ ሎሚውን አፍንጫዋ ሥር ደቅናለች።

መንገዱ ሲከፈት ፊቱ ተፍታታ። ኮረብታ ባለፉ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል፤ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላል። ከዚያ ዞር ብሎ አያት።

«እርስዎ የት ይወርዳሉ?»

«አንተ የምትወርድበት።»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለ ካሜራውን መታ መታ እያደረገ። «ፎቶ አንሺ ነኝ። የማነሳው እኔ፣ የምታጥበው ባለቤቴ።»

አጣቢዋ ሎሚውን አወረደች። «ጎበዝ ናት?»

«ቁጡ ናት» አለ ወዲያው። ከኋላቸው ያለች ሴት ሳቀች። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ ልንገርዎት። ሰዉ እኔ ያነሳሁት ይመስለዋል። እኔ ቁልፍ ነው የምጫነው። ከውኃው ውስጥ የምታወጣቸው እሷ ናት። እኔ ብሆን ሁሉንም እዚያው አሰጥማቸው ነበር።»

ይህን በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን አልነገራትም። ሎሚውን ወደ ቦርሳዋ መለሰችና፣ «ታዲያ ለምን አንድ ቀን ይዘሃት አትመጣም?» አለችው።

በመስኮቱ ትንሽ አየ። «ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«በበሩ ላይ ብዙ ነገር ብያታለሁ። አደባባዩ ሰፊ ነው፣ ሰዉ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው። እሷ ጨለማ ውስጥ ስለሆነች ትንሽ ላድምቅላት ብዬ ነው። መጥታ ብታየው... ትንንሽ ከተሞች ናቸው እኮ፤ አቧራ ናቸው። ውሸታም እንዳትለኝ።»

«አትልህም» አለች።

«እርስዎ አያውቋትም።»

ሆዷ መገለባበጡን ረስቶ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እሷም አላጣራችም። ድልድዩን ስትሻገር አወቀችው። መደገፊያ ብረቱ ድሮ እንደተጎመደ ነው። ነዳጅ ማደያው ጋ ያለው ዛፍ ግማሹ ተቆርጧል። ትምህርት ቤቱ ሲመጣ ግን አፏን በእጇ ያዘች። ልጆች በየዓመቱ ተደርድረው የሚነሱበት የደረጃው በር፣ ስንት ጊዜ ከውኃ ያወጣችው በር፣ በሷ ቤት ግራጫ ነበር። አረንጓዴ ነው! ቀለሙ ተላልጧል፣ ግን አረንጓዴ ነው። ግድግዳው ቢጫ፣ ቧንቧው ሰማያዊ። ሁሉን ነገር ታውቃለች፣ የአንዱንም ቀለም አታውቅም። ሽማግሌ ሴት ሆና እንደ ልጅ መስታወቱ ላይ ተለጠፈች።

አውቶቡሱ ለምሳ የሚቆምበት ከተማ ላይ ወረዱ። አደባባዩን አየችው። እውነትም ሁለት የጭነት መኪና ቆሞበት ሞልቷል። ባሏን በስርቆሽ ዓይን አይታ ሳቀች፤ ደስ ብሏት እንጂ ተከፍታ አይደለም። ለሷ ሲል ይህን ያህል ቦታ ከየት አምጥቶ እንደቀጠለበት አሰበች።

ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ባለቤቲቱ ሰፋ ያለች፣ ፈጣን፣ አገጯ ላይ ጉልህ ምልክት ያላት ሴት ናት። ሁለት ሻይና ዳቦ አስቀምጣ ልትሄድ ስትል አጣቢዋ እጇን ያዘቻት።

«አንቺ ብስክሌት ይዘሽ የተነሳሽው ልጅ አይደለሽም? ካልሲሽ አንዱ የወረደ?»

ሴትዮዋ ትሪውን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «እርስዎ ማን ነዎት? ከየት ያውቁኛል?»

«አጥቤሽ ነው።»

«ምን አሉኝ?»

«ፎቶሽን ነው የኔ እናት፣ ፎቶሽን። ያነሳሽ ይኼ ነው፤ እኔ አጣቢዋ ነኝ።»

ሴትዮዋ ወደ ውስጥ ሮጠች። ስትመለስ ከግድግዳ የወረደ ባለ መስታወት ፎቶ ይዛለች። ልጅቱ አለች፣ ብስክሌቱ አለ፣ የወረደው ካልሲም አለ። የብስክሌቱን ኮርቻ ከኋላ የያዘ አንድ እጅ ደግሞ ከፎቶው ጠርዝ ብቅ ብሏል፤ ከአንጓው በላይ የለም።

«ይኼን እጅ የማን ነው እያልኩ አደግኩ» አለች ሴትዮዋ። «እናቴን ብጠይቃት የሠራተኛ ነው አለችኝ፤ አክስቴ ደግሞ የብስክሌቱ ባለቤት ነው አለች።»

አጣቢዋ ጊዜ አልፈጀባትም። ያን ቀን በበሩ የተባባሉትን ሁሉ አስታወሰች። «የአባትሽ ነው። ብስክሌቱ ከበደሽና እሱ ከኋላ ደገፈልሽ። ሲነሳ ስለተነቃነቀ ደብዝዞ ወጣ። ደብዛዛ ነገር ሰው አይወድም ብዬ እኔው ቆርጬ አስቀረሁት። በፊልሙ ላይ ግን ሙሉውን አለ።»

ሴትዮዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደንበኛ ቢጠራትም አልሰማችውም። «አባቴ ፎቶ የለውም» አለች ቀስ ብላ። «አንድም። ልጅ ሳለሁ ለሥራ ወጥቶ በዚያው ነው የቀረው። መልኩን ለማስታወስ ስሞክር የአጎቴ ነው የሚመጣብኝ።»

በዚህ መሀል ከደረጃው በኩል አንድ ድምፅ ተሰማ። «ቀና በሉ!»

ባሏ ከአጠገቧ ተነስቷል። በረንዳው ደረጃ ላይ ተሳፋሪዎቹን አሰልፎ፣ ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ አጫጭሮቹን ከፊት፣ ሾፌሩን በመሀል አድርጎ፣ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ደቅኗል። ውስጡ ፊልም እንደሌለ እሷ ታውቃለች። ሊስቁበት ነው ብላ ፈራች። የሳቀ አልነበረም። ረዳቱ ኮሌታውን አስተካከለ። አንዲት ሴት ልጇን አፍንጫዋን ጠረገችላት። ያ ቤቱ ውስጥ ቁልፍ የሚጠፋበት ሰው አንዱን ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሌላውን አገጩን ዝቅ፣ ጥላው ፊት ላይ እንዳይወድቅ ኮፍያ አውልቅ እያለ እጁም ቃሉም አልተሳሳተም። ከዚያ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋና የሌንሱን ክዳን አቀበላት።

«አንቺ፣ እስቲ ይኼን ያዢልኝ። ደመናው ሊመጣብኝ ነው።»

ያዘችለት። ጨብጣው ቆመች። ቁልፉ ቀጭ ሲል አብራ ትንፋሿን ያዘች።

ወዲያው ከአውቶቡሱ ወረድ ያለ አንድ ወጣት በስልኩ ያንኑ ሰልፍ አነሳ፤ ተሳፋሪው እየተቀባበለ አየው። ቀና በሉ ግን «ታጥቦ ሲያልቅ አመጣላችኋለሁ» ብሎ ለሁሉም ቃል ገባ፤ እነሱም «እንጠብቃለን» አሉት። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ እንቅልፍ ወሰደው፤ ራሱ ትከሻዋ ላይ ነበር።

ፊልሞቹ አልጋ ሥር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ፤ ለየከተማው አንድ ቆርቆሮ። ልጇ በሰበብ በሰበቡ ይጣሉ ብትላትም እሷ አሻፈረኝ ብላ ያቆየቻቸው ናቸው። ኔጋቲቩን እያነሳች ወደ መስኮቱ ብርሃን ስታቀና፣ ጥቁር ጥርስና ነጭ ፀጉር ያላቸው ሰዎች እያለፉ፣ ብስክሌቷ መጣች። ሰውየውም ነበረ። ጎንበስ ብሏል፣ ባርኔጣ አድርጓል፣ ፊቱን ወደ ልጅቱ ሊያዞር ሲል ነው የተያዘው።

መድኃኒቱም ወረቀቱም ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። ልጃቸው ኔጋቲቩን መስታወት ላይ ለጥፋ በስልኳ አነሳችው፤ አንድ ነገር ነካ አድርጋ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አደረገችው።

«በቃ?» አለች አጣቢዋ። «ውኃ ሳይነካው?»

«በቃ እማዬ።»

«እንዲያው እኔ ዕድሜዬን ምን ሳደርግ ነው የኖርኩት!» አለችና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ግን ስልኩን ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። አልጣማትም። ሰውየው ገና ብቅ ሳይል አልቆ የመጣ መሰላት፤ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም። ቢሆንም አሳተመችው፤ ትልቅ አድርጋ።

ፎቶውን ራሳቸው ናቸው ያደረሱት። ቀና በሉ ያን ቀን እርስዎ የሚልበት ቀን ነበርና «እኚህ ሴትዮ ፎቶ ሊሰጡሽ ነው የመጡት» ብሎ ለባለ ሻይ ቤቷ አስተዋወቃት። ሴትዮዋ ፖስታውን ከፍታ አየች። አጣቢዋ ቶሎ ብላ፣ «ፊቱ እንኳ ብዙም አይለይም፤ እንዳታዝኚ፣ ተነቃንቆ ነው» አለቻት።

ሴትዮዋ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አቀናችው። «እሱ እኮ ነው። እንዲሁ ነበር የሚሆነው። ቆሞ አያውቅም፤ ሲበላም ቆሞ፣ ሲያወራም እየሄደ።» ጣቷን በባርኔጣው ዙሪያ አዞረች። «አሁን መጣልኝ። አጎቴ አይደለም፤ እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ልማድ ሆነ። ሁለቱ በየጊዜው ይሳፈሩ ነበር። ተራ አስከባሪው ወንበር ይይዝላቸዋል፣ ሾፌሮቹ ይቀልዱባቸዋል፣ ልጃቸው በስልክ ትጨነቃለች። አንድ ከተማ ላይ ባለ ነጠብጣብ ቀሚሷን ሴትዮ አገኘቻት፤ አርጅታለች። ፎቶ በተነሳችበት ቀን ከባሏ ተጣልታ እንደነበር ብትጠይቃት፣ «ኧረ እቴ፣ ፀሐይ ነው ዓይኔን የወጋኝ» አለቻት። እንደ አደባባዩ ጥበት ሁሉ አጣቢዋ ይህንንም ለባሏ አልነገረችውም።

እሱ የበጋው አጋማሽ ላይ ሞተ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ወንበሩ ላይ፣ ኮቱን እንደለበሰ። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት አንቺም እርስዎም አላላትም፤ እጇን ብቻ ይይዝ ነበር። ቀባሪው ብዙ ነበር። በመንገዱ ዳር ካሉት ከተሞች የመጡ ሰዎች አንድ አውቶቡስ ሞልተው ወረዱ። አብዛኞቹን አጣቢዋ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው፤ ግን እየተቀበለች፣ «አንተ የዚያ ባለ መነጽሩ ልጅ ነህ፤ አንቺ ከመንትያዎቹ አንዷ ነሽ» እያለች ታቅፋቸው ነበር። ልጇ ከኋላዋ ቆማ እናቷ እነዚህን ሁሉ ሰዎች መቼ እንደተዋወቀቻቸው ሲገርማት ዋለ።

አሁን አጣቢዋ የዓመቱን ግማሽ የምታሳልፈው በባለ ብስክሌቷ ሴትዮ ሻይ ቤት ነው። ባለቤቲቱ ከጓዳው በኩል ያለውን ክፍል ለቀቀችላት፤ እንደ እናትና ልጅ ይተሳሰባሉ፣ እንደ እናትና ልጅም ይጣላሉ። ሰሞኑን የተጣሉት በመጋረጃው ነው። ሴትዮዋ ሰማያዊ ይሁን አለች፣ አጣቢዋ ቀይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለች፤ ገና አልተወሰነም። ጠዋት ጠዋት አውቶቡሱ ሲቆም በረንዳው ላይ ወንበሯን ታወጣና የሚወርዱትን አንድ በአንድ ታያለች። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ አታውቃቸውም። አልፎ አልፎ ግን አንድ ጎልማሳ ሰው ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ትቆያለች፤ ቅንድቡን፣ ከዚያ ዓይኑን፣ ከዚያ አፉን እያየች፣ ሳትቸኩል።

ልጇ ስልክ ደውላ፣ «እማዬ፣ መቼ ነው ወደ ቤት የምትመለሺው?» ትላታለች።

«ቆይ እስቲ» ትላታለች አጣቢዋ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «አንድ የማውቀው ሰው መጣ መሰለኝ።»